በረሃን በፊልም ስለ ማየት፤ ከካላሃሪ ፊልሞች የሚገኝ ትምህርት

ዶኩመንታሪ ፊልም የሚባለው፥ ከደራሲ ልቡና ከፈለቀ ታሪክ ተለይቶ፥ በእውነት የሚኖሩ ሰዎችን በሚኖሩበት ስፍራ እየተከተለ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። የባህል ጥናት ሊቃውንት ይህን መሣሪያ ከመዝገብና ከእርሳስ ጋራ ይዘው መጓዝ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። ጽሑፍ በቀላሉ የማይገልጸውን የእጅ ሥራ፥ የፊት ገጽታ፥ የአረማመድና የአቀማመጥ ሥርዓት ካሜራ ይይዘዋልና። ይሁን እንጂ ካሜራ የሚይዘው ከፊቱ የቆመውን ብቻ ነው፤ ከፊቱ ምን እንዲቆም የሚመርጠው ደግሞ ሰው ነው። ስለዚህ ፊልም እንደ ማንኛውም የጽሑፍ ምስክር ሊመረመር ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ በረሃ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በረሃ ለካሜራ የተመቸ አገር ነው፤ ብርሃኑ ብዙ ነው፥ አድማሱ ግልጥ ነው፥ አንድ ግመል ወይም አንድ መንገደኛ ከሩቅ ይታያል። የበረሃ ኑሮ የቆመበት መሠረት ግን ለዐይን አይታይም። ይህ ጕድጓድ የማን ነው፤ ከዚህ ግጦሽ ማን ማንን አስፈቅዶ ይገባል፤ ማን ለማን ስንት ከብት ዕዳ አለበት፤ ማን የማን ዘመድ ነው፤ እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በሰዎች ቃልና ስምምነት ውስጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይኸው ነው፤ ቃሉን ትቶ ሥዕሉን ብቻ የሚይዝ የበረሃ ፊልም፥ ሥዕሉ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን፥ አገሩን ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት፥ ሰዎቹንም ዘመን የማይነካቸው ፍጥረቶች አድርጎ ያሳያል። እንዲህ ያለው ስሕተትም በሲኒማ ቤት ውስጥ ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር፥ የሰውን ርስት እስከ ማስወሰድ ለሚደርስ አስተሳሰብ እንደሚያግዝ፥ ከካላሃሪ በረሃ ታሪክ እንረዳለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሁለት የቈዩ ልማዶች

የበረሃ ፊልሞች ሁለት የቈዩ ልማዶች አሏቸው። የመጀመሪያው ሰውን ጨርሶ ማውጣት ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ በ1953 ዓ.ም. የዋልት ዲስኒ ኩባንያ ያወጣው፥ ጄምስ አልጋር ያዘጋጀው፥ ሕያው በረሃ የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ የሚኖሩትን እባቦች፥ ሸረሪቶች፥ ተርቦችና አይጦች ያሳያል፤ በዚያው ዓመት ከወጡት ረዥም ዶኩመንታሪ ፊልሞች መካከል ተመርጦም የአካዳሚ ሽልማት ተቀብሏል። በዚህ ፊልም ውስጥ ሁለት ጊንጦች ተያይዘው ወዲያና ወዲህ ሲሉ ይታያሉ። ይህ በእውነት ጊንጦች ለመራባት ሲገናኙ የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ እየተመላለሰ ተቀጣጥሎ ከአሜሪካ ባላገር የጭፈራ ሙዚቃ ጋራ ስለ ተያያዘ ተመልካቹ የሚያየው የሰው ጭፈራ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሥዕል እውነት ሆኖ ሳለ፥ የሥዕሎቹ አቀጣጠልና የተጨመረው ድምፅ ሌላ ትርጉም ሊሰጡት ይችላሉ።

ሁለተኛው ልማድ ሰውን ማስገባት፥ ነገር ግን ከተፈጥሮ ጋራ ብቻውን የሚታገል አድርጎ ማሳየት ነው። ይህን መንገድ የጠረገው ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922 ዓ.ም. ያወጣው ናኑክ የተባለው ፊልም ነው። ቦታው የአሸዋ በረሃ ሳይሆን በሰሜን ካናዳ የሚገኝ የበረዶ ምድር ነው፤ ከእርሱ በኋላ ስለ ደረቅ አገሮች የተሠሩ ብዙ ፊልሞች ግን መልካቸውን ከእርሱ ወስደዋል። በዚያን ዘመን የኢኑይት አዳኞች ጠመንጃ ያውቁ ነበር፤ በፊልሙ ግን እንደ ቀድሞ አባቶቻቸው በጦር ሲያድኑ ይታያሉ። ከበረዶ የተሠራው ቤትም ለካሜራው ብርሃን እንዲያስገባ ግማሹ ክፍት ሆኖ ተሠራ። ፍላኸርቲ ይህን ያደረገው ለማታለል ብሎ ሳይሆን፥ ሊጠፋ የተቃረበ የመሰለውን ኑሮ ለማስቀረት ብሎ ነበር። ሆኖም ተመልካቹ ያለፈውን ዘመን የዛሬ አድርጎ እንዲቀበል አድርጓል።

የማርሻል ቤተ ሰብ በካላሃሪ

የካላሃሪ ምድር በዛሬዎቹ የቦትስዋና፥ የናሚቢያና የደቡብ አፍሪካ ግዛቶች ውስጥ የተዘረጋ ደረቅ አገር ነው። አሸዋ ይበዛበታል፤ ሆኖም ሣርና ቍጥቋጦ፥ ዛፍም ያበቅላል፤ የሚጐድለው ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ የገጸ ምድር ውሃ ነው። በሰሜናዊው ክፍል ንያይ ንያይ በሚባለው ስፍራ ራሳቸውን ጁሆአንሲ ብለው የሚጠሩ ሰዎች ይኖራሉ። የውጭ ሰዎች ቡሽመን ሲሏቸው፥ የቀድሞ የአንትሮፖሎጂ መጻሕፍት ኩንግ ይሏቸዋል።

በ1950 ዓ.ም. ከኢንዱስትሪ ሥራው የተገለለው አሜሪካዊው ሎረንስ ማርሻል፥ ከልጁ ከጆን ጋራ ወደዚህ አገር መጣ። ከዚያም ሚስቱ ሎርናና ሴት ልጁ ኤልሳቤጥ ተጨምረው፥ እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ ቤተ ሰቡ ስምንት ጕዞዎች አደረገ። ከአራቱ መካከል በአንትሮፖሎጂ ዲግሪ ይዞ የመጣ አልነበረም። ነገር ግን ሎርና ማርሻል ስለ ዝምድና፥ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ምግብ ክፍፍል የጻፈቻቸው ጥናቶች እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀሱ ናቸው፤ ዋናው መጽሐፏ በ1976 ዓ.ም. ታትሟል። ኤልሳቤጥም በ1959 ዓ.ም. ለብዙ አንባብያን የተጻፈ መጽሐፍ አወጣች። ሃያ ዓመት ላልሞላው ለጆን የተሰጠው ሥራ ፊልም ማንሣት ነበር።

ጆን ማርሻል በ1957 ዓ.ም. ያወጣው የመጀመሪያው ታላቅ ፊልም አዳኞቹ ይባላል። ፊልሙ አራት ሰዎች ለቤተ ሰባቸው ሥጋ ፍለጋ ሲወጡ፥ ብዙ ሙከራ ሲከሽፍባቸው፥ በመጨረሻ አንዲት ቀጭኔ በመርዛም ፍላጻ አቍስለው ዱካዋን ለብዙ ቀናት ሲከተሉ፥ ሲገድሉና ሥጋውን ሲያከፋፍሉ ያሳያል። ወደ ሰፈራቸው ተመልሰውም የአደኑን ወሬ ለተሰበሰበው ሰው ሲተርኩ ፊልሙ ይፈጸማል።

ይህ ፊልም ለጥናት የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። የፍላጻው አሠራር፥ የዱካ አነባበብ፥ ሰዎቹ በምልክት የሚነጋገሩበት ሥርዓት፥ የሥጋው አቈራረጥ፥ ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ይልቅ ከፊልሙ በተሻለ ይማሩታል። የፍላጻው መርዝ የሚወጣው ከአንድ ዐይነት ጥንዚዛ ትል ነው። የሚቀባውም ከስለቱ በታች ባለው ዘንግ ላይ ነው፤ አዳኙ ባለማወቅ ራሱን ቢጭር እንዳይሞት። መርዙ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ትልቅ አውሬ ቶሎ አይወድቅም፤ የአዳኙ ሙያ በአብዛኛው ከተኰሰ በኋላ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

በሥዕሉ ውስጥ ያልገባው

ሆኖም ፊልሙን እንደ ምስክር ስንመረምረው ሦስት ነገሮች እናገኛለን።

መጀመሪያው ስለ አቀጣጠሉ ነው። በፊልሙ ውስጥ እንደ አንድ አደን ሆኖ የቀረበው ታሪክ፥ በልዩ ልዩ ጊዜ ከተደረጉ አደኖች የተሰበሰበ ነው። እንደ አንዲት የምትታየው ቀጭኔም በእውነት ከአንድ በላይ ነበረች። ጆን ማርሻል ራሱ በኋላ ዘመን ይህን አልሸሸገም። በዘመኑ የነበሩት ካሜራዎች ለዚህ በከፊል ምክንያት ናቸው። በ16 ሚሊሜትር ፊልም የሚሠሩት ቀላል ካሜራዎች እንደ ሰዓት በመጠምዘዣ የሚንቀሳቀሱ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ተጠምዝዘው ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አያልፉም። መቶ ጫማ ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል ፊልምም ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። በዚህ ዐይነት መሣሪያ የብዙ ቀን አደን ሳያቋርጡ ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ ታሪኩን አንድ የሚያደርገው የካሜራው ዐይን ሳይሆን የተራኪው ድምፅ ነው፤ ተራኪውም ጆን ማርሻል ነው። አዳኞቹ የሚሉትን ተመልካቹ በቀጥታ አይሰማም፤ የሚሰማው ስለ እነርሱ የተነገረውን ነው።

ሁለተኛው ስለ ምግቡ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው፥ የካላሃሪ ሰዎች የሚኖሩት በወንዶች አደን ነው ብሎ ይወጣል። ካናዳዊው አንትሮፖሎጂስት ሪቻርድ ሊ ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በቦትስዋና በኩል ዶቤ በተባለው ስፍራ፥ የሚበላውን ምግብ እየመዘነ ያደረገው ጥናት የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ከምግቡ የሚበልጠው ክፍል በተለይ ሴቶች የሚለቅሙት ሥራሥር፥ ፍሬና ለውዝ ነው። ሎርና ማርሻልም በጽሑፏ የለቀማውን ታላቅነት አስረድታለች። እንግዲህ በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ እናቲቱ የጻፈችውና ልጁ ያነሣው ሁለት ሚዛን ነበራቸው ማለት ነው። ልጁ በፊልም የያዘው ለዐይን የሚያስደንቀውን አደን ነበር፤ ቅርጫት ይዛ ሥር ስትቈፍር የምትውለው ሴት ግን የታሪኩ መካከል አልሆነችም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ይኸውም ሕጉ ነው። በጁሆአንሲ ዘንድ የአውሬው ሥጋ ባለቤት የሚሆነው በመጀመሪያ የወጋው ፍላጻ ባለቤት ነው፤ ፍላጻው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው በስጦታ ወይም በውሰት የመጣ ነው። ስለዚህ ዐይን የሚያየው ተኳሽና ሕግ የሚያውቀው ባለ ሥጋ ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። መሬቱም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ የዘመድ ቡድን ንኦሬ የሚባል፥ ውሃና የሚለቀም ምግብ ያለበት የራሱ አገር አለው። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቶቹን ማስፈቀድ አለበት። አጥር ግን የለም፤ የድንበር ድንጋይ የለም፤ የርስት ወረቀት የለም። ካሜራ ይህን አገር ሲያነሣ የሚይዘው ሣርና ሰማይ ነው። ተመልካቹም አራት ሰዎች ማለቂያ በሌለው ባዶ ምድር ሲንከራተቱ ያያል እንጂ፥ በየትኛው ዘመድ አገር ውስጥ እንደሚያልፉ አያውቅም።

ሥዕሉ ሕግ ሲሆን

አሳቡ የመምህራን ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳው ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ የምትባለውን ናሚቢያን የምታስተዳድረው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። በ1958 ዓ.ም. ጆን ማርሻል ወደ አገሩ እንዳይገባ ተከለከለ፤ የተመለሰውም ከሃያ ዓመት በኋላ በ1978 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል በ1959 ዓ.ም. ቹምክዌ በሚባለው ስፍራ የመንግሥት ጣቢያ ተቋቋመ፤ ሰዎቹም ቀስ በቀስ ወደዚያ ተሰበሰቡ። አገሩን በዘር ለመከፋፈል አሳብ ያቀረበው የኦደንዳል ኮሚሲዮን በ1964 ዓ.ም. ሪፖርቱን አወጣ። በ1970 ዓ.ም. ቡሽመንላንድ የተባለ ክልል ተወሰነላቸው፤ ነገር ግን ከቀድሞ አገራቸው የሚበልጠው እጅ ከክልሉ ውጭ ቀረ፤ ደቡቡ ለሄሬሮዎች ክልል፥ ሰሜኑ ለዱር አራዊት ጥበቃ ተሰጠ። መስመሩን በካርታ ላይ የሳቡት ሰዎች ስለ ንኦሬ አልጠየቁም። አጥር የሌለበትን አገር ባለቤት የለውም ብሎ መቍጠር ቀላል ነበር።

ማርሻል ሲመለስ ያገኛቸው ሰዎች በራሽን የሚኖሩ፥ ብዙዎቹ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸው፥ በጠብና በመጠጥ የተጐዱ፥ ጐልማሶቻቸውም በደቡብ አፍሪካ ጦር ውስጥ በወታደርነት የሚመለመሉ ነበሩ። በ1980 ዓ.ም. ያወጣው ፊልም ናይ ስለ ተባለች አንዲት ሴት ሲሆን፥ ከቀድሞው ፊልም በብዙ ይለያል። ማርሻል ናይን ከልጅነቷ ጀምሮ ፊልም ሲያነሣት ነበርና፥ በ1950ዎቹ የነበረችው ልጅና በ1978 ዓ.ም. በቹምክዌ የምትኖረው ሴት በአንድ ፊልም ውስጥ ጐን ለጐን ይታያሉ። ከሁሉ ይልቅ ታሪኩን የምትናገረው ናይ ራሷ ናት። ስለ ጋብቻዋ፥ ስለ ረኃብ፥ ጐረቤቶቿ ስለሚያሟት፥ በዘፈኗም ስለ መከራዋ ትናገራለች።

በዚሁ ፊልም ውስጥ የሚያስተክዝ ትዕይንት አለ። ደቡብ አፍሪካዊው ጄሚ ኡይስ፥ ከሰማይ በወደቀ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ምክንያት ስለሚታወክ አንድ የበረሃ ቤተ ሰብ የሚያወራውንና በ1980 ዓ.ም. የወጣውን አስቂኝ ፊልሙን በዚያው አካባቢ ሲያነሣ እናያለን። የኡይስ ፊልም ልብ ወለድ ነው፤ ነገር ግን ሲጀምር የዶኩመንታሪ ተራኪን ድምፅ ተውሶ፥ እነዚህ ሰዎች ንብረት የማያውቁ፥ ጠብ የማያውቁ፥ ከዓለም ተለይተው የሚኖሩ ናቸው ይላል። ካሜራው ካለበት ትንሽ ራቅ ብሎ የራሽን ሰልፍና የወታደር ሰፈር አለ። ልብ ወለዱ በዓለም ሁሉ ታየ፤ ስለ ናይ የተሠራው ፊልም ግን ከትምህርት ቤትና ከቴሌቪዥን ብዙም አላለፈም።

የዚህ ሥዕል ዋጋ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታየ። የተፈጥሮ ጥበቃ ባለ ሥልጣኖች የቀረውን የምሥራቅ ቡሽመንላንድን መሬት የአራዊት መጠበቂያ ለማድረግ አሳብ አቀረቡ። ሰዎቹ እንደ ጥንቱ በቀስትና በፍላጻ የሚያድኑ ሆነው ሊቀመጡ፥ ለጐብኚም ሊታዩ ነው፤ ከብት ማርባትና እርሻ ግን ከአሳቡ ጋራ አይስማማም። በዚያን ጊዜ ጁሆአንሲዎች የሚጠይቁት የውሃ ጕድጓድና ጥቂት ከብት ነበር። ከቹምክዌ ወጥተው ወደየንኦሬያቸው መመለስ የጀመሩ ቤተ ሰቦችም ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የንያይ ንያይ ገበሬዎች ማኅበራቸውን አቋቋሙ፤ የአራዊት መጠበቂያው አሳብም ሳይፈጸም ቀረ። ናሚቢያ በ1990 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ፥ በ1998 ዓ.ም. መሬቱ ነዋሪዎቹ በዱር አራዊቱ የሚጠቀሙበት የጋራ ጥበቃ ክልል ሆኖ ታወቀ።

ጆን ማርሻል ይህን ሁሉ በ2002 ዓ.ም. በአምስት ክፍል አሰባስቦ አወጣው፤ ታሪኩ ከ1951 እስከ 2000 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ የያዘ፥ ስድስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው። የመጨረሻውን ክፍል በተረት መሞት ብሎ ሰየመው። የክርክሩ ፍሬም፥ እነዚህን ሰዎች የጐዳቸው ድርቅ ብቻ ሳይሆን፥ መንግሥታትና በጎ አድራጊዎች በአእምሯቸው ይዘውት የመጡት የዘላለማዊ አዳኝ ሥዕል ነው የሚል ነው። ሁሉም ምሁር በዚህ አይስማማም፤ ከጥበቃው ክልል የሚገኘውን ጥቅም ከፍ አድርገው የሚመለከቱ አሉ። ያም ሆነ ይህ፥ አዳኞቹን ያነሣው ሰው ራሱ ያንን ሥዕል ለማረም ዕድሜውን መስጠቱ በባህል ጥናት ታሪክ ውስጥ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው። ማርሻል በ2005 ዓ.ም. ሞተ። ከ700 ሰዓት በላይ የሚሆነው የፊልምና የቪዲዮ ስብስቡ በዋሽንግተን በስሚትሶኒያን ተቋም ተቀምጧል፤ በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ቃል የሚሰማበት ፊልም

እንግዲህ ፊልም የበረሃን ሕግና ስምምነት ጨርሶ ማሳየት አይችልም ማለት ነውን? አይደለም። ከ1960 ዓ.ም. ወዲህ በሜዳ ላይ ድምፅንና ሥዕልን በአንድነት የሚቀዱ ቀላል መሣሪያዎች እየተስፋፉ ስለ ሄዱ፥ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ሲነጋገሩ መቅዳትና ትርጕሙን በሥዕሉ ግርጌ መጻፍ ተቻለ። በዚህ መንገድ በደረቅ አገር ከሠሩት ዋነኞቹ ዴቪድና ጁዲት ማክዱጋል ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ በጂዬ አርብቶ አደሮች መካከል ከሠሩ በኋላ፥ በ1973 እና በ1974 ዓ.ም. ከአገራችን ደቡብ ድንበር ማዶ፥ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በቱርካናዎች ዘንድ ተቀምጠው ሦስት ፊልሞችን አነሡ።

ከእነዚህ አንዱ፥ የሠርግ ግመሎች የተባለው፥ በ1977 ዓ.ም. ወጣ። ሽማግሌው ሎራንግ ልጃቸውን አካይን ለእኩያቸውና ለወዳጃቸው ለኮንጉ ሊድሩ ነው፤ ክርክሩ ስለ ጥሎሽ ከብት ነው። ብዙ ቢጠይቁ ወዳጃቸውን ያስቀይማሉ፤ ጥቂት ቢቀበሉ ድርሻ የሚጠብቁ ዘመዶቻቸው ይጐዳሉ። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው በአብዛኛው በጥላ ሥር ተቀምጠው የሚነጋገሩ ሰዎች ናቸው። በአሸዋ ላይ ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት የመጣ ተመልካች ይሰለች ይሆናል። በትዕግሥት ያዳመጠ ግን፥ በድርቅ አገር ከብት በብዙ ዘመድ እጅ መበተኑ እንደ መድን መሆኑን፥ ዛሬ የተሰጠ ግመል ነገ በክፉ ቀን የሚጠየቅ ወዳጅ መሆኑን ይረዳል። ሎራንግ ራሳቸውም በእንግሊዝ የአፍሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ፥ የውጭውን ዓለም አይተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ ይህ በረሃ ዘመን የቆመበት ስፍራ ሆኖ አይታይም።

ትዕይንትን እንደገና ማሠራትም ሁልጊዜ ነውር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ቢያምባሱረን ዳቫና ሉዊጂ ፋሎርኒ በሞንጎልያ ጎቢ በረሃ ያነሡት የምታለቅሰው ግመል ታሪክ፥ ወተት የከለከለችውን ነጭ ግልገሏን እናቲቱ እንድትቀበል በዜማና በሙዚቃ የሚያባብሉበትን ሥርዓት ያሳያል። እረኞቹ በፊልሙ የሚታዩት ራሳቸውን ሆነው ነው፤ አንዳንዱ የቤት ውስጥ ትዕይንት ለካሜራው ተብሎ የተደረገ ነው። ነገር ግን አዘጋጆቹ ይህን በግልጥ ስለሚናገሩና ልጆቹ ቴሌቪዥን ሲመኙ ጭምር ስለሚያሳዩ፥ ተመልካቹ ስለ ዘመኑ አይሳሳትም። ይህንኑ ሥርዓት ዩኔስኮ በ2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው የማይዳሰሱ ቅርሶች ጋራ መዝግቦታል።

ስለ እኛ አገር

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሮበርት ጋርድነር፥ ቀድሞ ከማርሻል ጋራ በሐርቫርድ የሠራው፥ በ1974 ዓ.ም. የአሸዋ ወንዞች የተባለ ፊልም ስለ ሐመሮች አወጣ። ሥዕሉ የሚያምር ነው፤ ስለ ሴቶች መጨቈን የሚሰጠው ፍርድ ግን ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በሐመር የኖሩትን ኢቮ ሽትሬከርንና ጂን ሊዳልን አላስማማቸውም። ሊዳል በኋላ ከጆአና ሄድ ጋራ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባወጣቻቸው ፊልሞች የሐመር ሴቶች ስለ ጋብቻቸውና ስለ ኑሯቸው እየሣቁም እየተከራከሩም ራሳቸው ይናገራሉ። ሁለቱን አከታትሎ ማየት ለተማሪ ከብዙ ሌክቸር ይበልጣል።

ወደ አፋር ምድር የሚመጡ ፊልም አንሺዎችም በአብዛኛው የሚሹት አንድ ዐይነት ሥዕል ነው፤ የኤርታሌን እሳት፥ የዳሎልን ቀለም፥ አሞሌ የጫኑ ግመሎችን ረዥም ሰልፍ። በዳሎል በ1960ዎቹ የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ፥ ተራኪው ስለ ሙቀቱ መደነቁ አይፈረድበትም። ነገር ግን አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ አረፍ ብለው፥ አንዱ ከየት እንደ መጣ፥ በመንገዱ ምን እንዳየና ምን እንደ ሰማ፥ ዝናብ የት እንደ ዘነበ፥ ግጦሹ፥ ውሃው፥ ሰላሙ እንዴት እንደ ሆነ በዝርዝር ለሌላው ይነግረዋል። ሌላውም በተራው ይናገራል፤ የሰማውንም ሳያዛባ ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታው ነው። በዚያ ምድር የሰውና የከብት ሕይወት በዚህ ወሬ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህን ያለ ትርጕም ያነሣ ካሜራ ግን የሚያሳየው በጠራራ ፀሓይ ተቀምጠው የሚያወጉ ሁለት ሰዎችን ብቻ ነው፤ ቈርጦ የሚጥለውም እርሱን ነው።

ስለዚህ የበረሃ ፊልም ለጥናት የሚመለከት ሰው ጥቂት ጥያቄዎችን በመዝገቡ ላይ ቢጽፍ ይጠቀማል። የሚናገረው ማን ነው፤ ባለ አገሩ ነው ወይስ ተራኪው? ሥዕሎቹ የተነሡት በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ከልዩ ልዩ ዓመት ተቀጣጥለዋል? ሴቶች፥ ሽማግሎች፥ ሕፃናት የት ናቸው? ውሃው የማን ነው? ፊልም የሚያነሣ ደግሞ ከጥቅሉ ጋራ የጽሑፍ መዝገብ ማኖር አለበት፤ አስተርጓሚው ማን እንደ ነበረ፥ ለሰዎቹ ምን እንደ ተከፈለ፥ የትኛው ትዕይንት እንደገና እንደ ተሠራ፥ ቀኑና ቦታው ሳይቀር። ቅጂውንም ለተነሡት ሰዎች ማሳየትና መስጠት ይገባል፤ ስሕተቱን ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

የካላሃሪ ታሪክ የሚያሳየን፥ አንድ ፊልም በቅን ልብና በጥሩ ዐይን ተነሥቶም ሊጐድለው የሚችል ነገር እንዳለ ነው። ጕድለቱን የሚሞላው የሰዎቹ ቃል ነው። ቃሉ ተቀድቶና ተተርጕሞ ሲቀመጥ፥ ሥዕሉም ባለቤት ያለው አገር ሥዕል ይሆናል።